የአባት መቃብር በሦስት ደቂቃ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለሚጡዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬም ከሄደ ሰንብቷልና ከሕመም አልቆጥረውም። ስልክ ደውለሽ ስትለፊ እኔ «አቤት? አቤት?» እያልኩ ከማደርቅሽ በወረቀት ብንነጋገር ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር እንደሆነ ታማኝ ሰው ነው፤ ፖስታሽን እስከ ደጄ ያመጣልኛል።

«ስለ መቃብሩ የሠራሁትን ቪዲዮ አየሽው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አየሁት እንጂ! የስፌት ሸሪኬ ናት ያሳየችኝ፣ ልጇ በገዛላት ስልክ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ያንን ኮረብታ እንዲህ ታደርጊዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ዛፉ፣ የድንጋዩ ቤት፣ በጠባቧ መስኮት ገብቶ መቃብሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን። እኛ ክርስቲያኖቹም እነ ሸሪኬ ሙስሊሞቹም «አባት» እያልን ስንማጸንበት የኖርንበት ቤት ነው፤ ስንት ጊዜ ተንበርክኬበት ግድግዳው እንዲህ እንደሚያምር አላየሁም ነበር። ባለቁልፉ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው ብቻ የሚታይበት ቦታ ላይ ሸሪኬ የባሏን እጅ አይታ ሳቀች። «ይህን እጅ ስንት ዘመን አብሬው ስኖር ለካ ቆንጆ ነው» አለችኝ። እኔም የተለመደችውን ቀልዴን ደገምኩላት፦ ባል የበር ቁልፍ ይይዛል፣ ሚስት የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፤ እናንተ ባትኖሩ አገር ሁሉ ክፍቱን ያድር ነበር።

ድምፁን እንደምታውቂው አልሰማሁም። አንቺ ስትናገሪ አየሁ፤ ቀጥሎ ጢማቸው የነጣው የታሪክ መምህር ድንጋዩን እየዳሰሱ ተናገሩ። «ምን ይላሉ?» ብዬ ሸሪኬን ጠየቅኳት። እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ፣ «ጥሩ ነገር ነው የሚሉት» አለችኝ። ከዚያ ራሴን አመመኝ ብላ ተነሳች። የአንዱን ቀሚስ ጥልፍ ሳትጨርስ ጥላው ሄደች። ስልክ ላይ ማፍጠጡ ይሆናል ያመማት።

እስቲ ምን እንዳላችሁ አንቺ ጻፊልኝ።

አክስትሽ

*

ኅዳር 14

ውድ አክስቴ፣

ይህን ያህል ስለቆየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከረሳሁሽ እጄ ይቆረጥ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቪዲዮው እኔ ካሰብኩት በላይ ሄደ። እስከ ዛሬ ስለ አሮጌው ድልድይ ሠራሁ፣ ስለ ጥንታዊው ጽሕፈት ሠራሁ፣ ስለ ሙሾ አውራጆች ሠራሁ፤ የሚያዩኝ ጓደኞቼና የጓደኞቼ እናቶች ነበሩ። ይህኛውን ግን የማላውቀው ሰው ታክሲ ውስጥ ሲያየው ከኋላው ተቀምጬ አየሁት። «የሠራሁት እኔ ነኝ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች ተገኝተዋል። ሃይማኖት፣ ታሪክና ባህል እያልሽ በሦስት ደቂቃ በሦስት ደቂቃ ሥሪልን ይሉኛል። የምቀዳበትን ክፍል አይተሽዋል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በብርድ ልብስ የሸፈንኩት። ያንን ብርድ ልብስ አንስቼ ደህና ስፖንጅ ለጠፍኩበት። ብርድ ልብሱም ወደ አልጋው ተመልሶ እኔም ሙቀት አገኘሁ።

ምን አላችሁ ላልሽኝ፣ ስለ ድንጋዩ ዕድሜ፣ ስለ ቅርጹ፣ ማን ተቀብሮበት ሊሆን እንደሚችል ነው የተነጋገርነው። በወረቀት ሲጻፍ ይደርቃል፤ ስመጣ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ። መምህሩ ሰሞኑን ደጋግመው ደውለውልኝ ነበር፤ ሥራ ስለበዛብኝ አላነሳሁም። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ይሆናል።

ባለቁልፉስ ምን አሉ? ያ የእጃቸው ነገር ሰውን ሁሉ ነው የማረከው። ሰላም በይልኝ። ሸሪክሽንም ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይ በይልኝ።

ሚጡ

*

ታኅሣሥ 20

ሚጡዬ፣

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ደስታሽ ደስታዬ ነው። ብርድ ልብሱ ወደ አልጋው በመመለሱም ደስ ብሎኛል፤ ሳንባሽ ደካማ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ኮረብታው እንግዳ በዝቶበታል። በመኪና ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ባለቁልፉ ደህና ናቸው። ሥራ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። የተማሪ ልብስ ስፌቱን ይዣለሁ፣ ቁልፉን የምተክለው ግን እኔው ነኝ፤ ዓይኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ ስላለው ከመስፋቱ ክር ማስገባቱ ይረዝምብኛል። ሸሪኬና ባለቤቷ ለጊዜው ልጃቸው ጋ ሄደዋል። ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ልጃቸው ያለው አንቺ ከተማ ነው፤ አድራሻውን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ። እባክሽ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ደህና ነኝ ብያለሁ፣ ደህና ነኝ።

አክስትሽ

*

ጥር 16

አክስቴ፣

ሄደሽ ጠይቂያቸው ላልሽኝ፣ አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ቀጥሎ ለቀረጻ ከከተማ ወጣሁ። ይህን ስጽፍልሽ ሰበብ እንደሚመስል አውቃለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አንድ ሰው ከቪዲዮዬ ሥር የመቃብሩን ፎቶ ለጥፎ አየሁ። በሩ ላይ ትልቅ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ከበላዩ ሰሌዳ አለ፣ ጽሑፉ ግን ርቆ አይነበብም። ባለቁልፉ በሩን በጓጉንቸር ሲዘጉት አይቼ አላውቅም። ያቺ አሮጌ ቁልፍ የት ሄደች? ለበዓል እንኳ ዕረፍት የማይወጡ ሰው እንዴት ለዕረፍት ሄዱ? ሸሪክሽስ ጥልፏን ጥላ እንዴት ሄደች?

የምትጽፊልኝን ነገር አውቀዋለሁ። አንቺ ሦስት ጊዜ «ደህና ነው» ካልሽ ደህና አይደለም። አባቴ ሲሞትም እንዲያው ነበር የጻፍሽልኝ። እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ።

ሚጡ

*

የካቲት 11

ሚጡ፣

እውነቱን ካልሽ እነሆ። ደስታሽን ላለመቁረጥ ብዬ ነው ያቆየሁት። ልብስ ሰፊ መቀሷን የምታነሳው ለክታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ከሩቅ ነው፤ ጎረምሶች ናቸው፣ ስልካቸውን ከፍተው ያንቺን ድምፅ እያሰሙ። ቀጥሎ ከእኛው ሰፈር የተከተሏቸው ነበሩ። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተሰብስበው ነበር፤ የሚሰማቸው አጡ። አንድ ቀን ተሰብስበው ወደ ባለቁልፉ ቤት ሄዱና ቁልፉን ጠየቋቸው። ማንም ማንንም አልመታም። «ይህ ቁልፍ የእናንተ አይደለም፣ ተመርምሮ ታውቋል» ነው ያሏቸው። እሳቸውም ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧቸው። አባታቸው ከአባታቸው የተቀበሉት ቁልፍ ነው። አሮጌውን ቁልፍ ግን አልተጠቀሙበትም፤ ጓጉንቸር ገዝተው አንጠለጠሉ።

ያን ዕለት እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። እንደምታውቂው አልሰማሁም። ኋላ ነው የነገሩኝ።

በሳምንቱ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ሰሌዳውን እዚያ አነበብኩት። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ ተጽፏል፦ «ማስረጃው ይናገራል፤ ይህ የክርስቲያን መቃብር ነው»። ከሥሩ ያንቺ ስም አለ። በጆሮዬ ያልሰማሁትን በዓይኔ አነበብኩት። ለካ ሸሪኬ ያን ቀን «ጥሩ ነገር ነው የሚሉት» ስትለኝ ይህን ሰምታ ኖሯል። እኔ እንዳላፍር ብላ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ውስጥ ሰላምታ ተቆጠበ። ልጆች እንኳ «የናንተ» «የኛ» ማለት ጀመሩ። ሸሪኬና ባሏም ልብሳቸውን ሸክፈው ሄዱ። ስትሄድ ያላለቀውን ቀሚስ መልሳ በራፌ ላይ ሰቅላልኝ ነው የሄደች፤ ጨርሳዋለች።

አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ፣ አልፈረድኩብሽም። ግን ልጠይቅሽ። እኚያ መምህር የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው?

አክስትሽ

*

መጋቢት 5

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን ከተቀበልኩ ቆየሁ። መልሱን ደጋግሜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ይህችን ብቻ አይደለም ያሉት። ድንጋዩ ላይ ያለውን ምልክት እያሳዩኝ፣ «መስቀል ይመስላል፤ የክርስቲያን መቃብር ሊሆን ይችላል» አሉ። ከዚያ «ግን» አሉ። «ግን ይህንኑ ምልክት ግንበኞች በተራ ሰው ቤት ላይም ሲያደርጉት አይቻለሁ። የመቃብሩ አቅጣጫ ደግሞ የሙስሊም መቃብር ነው የሚመስለው። እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ እኔ አላውቅም። አብረው ሲጸልዩበት የኖሩት ያልለዩትን እኔ በአንድ ከሰዓት አልለየውም።»

ስቀርጽ በጣም ወድጄው ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳቀናብረው ግን ረዘመ። ሦስት ደቂቃ አይበቃም። «አላውቅም» የሚል ሰው ማን ቁጭ ብሎ ያያል ብዬ «ግን» ካሉበት ቆረጥኩት። እሳቸው «ሊሆን ይችላል» ያሉትንም በራሴ ድምፅ «ነው» አደረግኩት። አንዲት ቃል ናት። ማታውን ደህና እንቅልፍ ተኝቻለሁ። አሁን የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ይደውሉልኝ የነበረውም እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት አልነበረም። ቤታቸው ሄድኩ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ጉንፋኔና ስለ ሳሌ ጠየቁኝ፤ ስለ መቃብሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ልወጣ ስል ብቻ፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀርጪ ሌላ ሰው ብትጠሪ ደስ ይለኛል» አሉኝ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ሌሎች ቀድተው ይዘውታልና መጥፋቱ ለእኔው ብቻ ነው። የመምህሩን ንግግር ሙሉውን፣ ሳልነካው፣ ይቅርታዬንም ጨምሬ አወጣሁ። ያየው ሰው ጥቂት ነው። ትናንት ያመሰገኑኝ ዛሬ «ተገዝታ ነው» ይሉኛል። ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎችም «ነገሩ ይብረድና» ብለውኛል። ስለ ሥራው ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም፤ ማዘንሽ ለእኔ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ወደ ሸሪክሽ ዘንድ አልሄድኩም። እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ሄጄ ሕንፃውን አይቼ ተመለስኩ። ምን ብዬ እግባ?

ሚጡ

*

ሚያዝያ 8

ሚጡ፣

«ምን ብዬ እግባ?» ትያለሽ። «እንደምን አላችሁ» ብለሽ ግቢ። ሰው ቤት የሚገባው እንደዚያ ተብሎ ነው።

ሹፌሩ ባለቁልፉ ታመዋል ሲባል ሰማሁ ብሎ በመዳፉ ላይ ጽፎ አሳየኝ። ሌላ የሚያውቀው የለም። ዛሬ ነገ አትበዪ። እኔ እግሬን አሞኝ ነው እንጂ እኔው እሄድ ነበር።

አክስትሽ

*

ግንቦት 3

አክስቴ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሄድኩ። በር የከፈተልኝ ልጃቸው ነው። አየኝ፣ አወቀኝ፣ በሩን ይዞት ቆመ። ከውስጥ የእናቱ ድምፅ «ማነው?» አለ። ስሜን ሲነግራት፣ «ታዲያ ምን ታስቆማታለህ?» አለችው።

ባለቁልፉ የሉም። አንቺ የመጨረሻውን ደብዳቤ ስትጽፊልኝ እሳቸው ተቀብረው ነበር። እኔ መንገዱ ማዶ ቆሜ ሕንፃውን ሳይ በሕይወት ነበሩ። መስኮታቸው ወደ መንገዱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይቀመጡ ነበር አሉኝ። አይተውኝ ይሆናል፣ ላያዩኝም ይችላል።

ኮረብታው ሥር፣ አባቶቻቸው ካሉበት መቀበር ይፈልጉ ነበር። ልጃቸው፣ «ማንን እንጠይቅ? ደፍረን አልጠየቅንም» አለኝ። ከተማው ዳር ነው የቀበሯቸው። ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ነበር የሚያይ።

ሸሪክሽ እንዳለች ናት፣ ከስታለች ብቻ። ትንሽ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነጭ ጨርቅ ትጠልፋለች። «ለማን ነው?» አልኳት። «ለእጄ ነው፣ ሥራ እንዳይፈታ» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። አነሳችኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ በሰው አገር ድንጋይ ስታነሺ ከሥሩ ምን እንዳለ አላወቅሽም» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ አልልሽምም አላለችኝም።

ከዚያ ስላንቺ ጠየቀችኝ። ዓይኗ እንዴት ነው፣ ክር ማን ያስገባላታል አለችኝ። «ለምን አትጽፊላትም?» ብዬ ጠየቅኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። በኋላ፣ «ቁልፉን ሊወስዱ የመጡ ዕለት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት መስኮቷ ላይ ነበረች። ከዓይኗ ዓይኔ ገጠመ። ከዚያ መጋረጃውን ሳበችው» አለችኝ።

እኔ፣ «አልሰማችም ነበር እኮ» አልኳት።

«መጋረጃ ለመሳብ ጆሮ አያስፈልግም» አለችኝ።

አክስቴ፣ እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺን ለመጠየቅ እኔ ማን ነኝ? የነገረችኝን ካልነገርኩሽ ግን እንደ ቪዲዮው ሁለተኛ መቁረጥ ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነው የጻፍኩልሽ።

ሚጡ

*

ግንቦት 21

ሚጡዬ፣

እውነት ነው።

ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አውቶቡስ ተራ ጠብቂኝ። ስለ እግሬ አትጨነቂ፣ እግሬ ያመመኝ ወደዚያ ላለመሄድ ነበር። እንደምመጣ አትንገሪያት። በሯ ላይ አድርሰሽኝ አንቺ ደረጃው ላይ ቆዪ። ሂጂልኝ ብትለኝም አልሰማትም፤ መደንቆሬ እስቲ አንድ ቀን ይጥቀመኝ።

ነፍሳቸውን ይማር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

አክስትሽ

*

ሰኔ 6

ሚጡዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡስ ተራ ስትሸኚኝ «ውስጥ ምን ተባባላችሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ከቤቴ እጽፍልሻለሁ አልኩሽ። አንቺ ደረጃው ላይ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጠሽ የጠበቅሽኝ ነሽና ልነግርሽ ይገባል።

ሸሪኬ በሩን ስትከፍት አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ገባሁ፣ አልጋዋ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በባሏ አጽናናኋት፤ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ መጨረሻው ቀን አጫወተችኝ። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ፣ እንደ ድሮው። ከሷ በቀር እንዲህ የሚያናግረኝ የለም። ሌላው ሰው ሁሉ ይጮኽብኛል።

ከዚያ የምትጠልፈውን ጨርቅ አነሳች። ቆይታ፣ «አልወጣሽም» አለችኝ።

«አልወጣሁም» አልኳት።

«ለምን?»

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከመካከላቸው ልብስ የሰፋሁላቸው ነበሩ ልላት ነበር፤ የተማሪውን ልብስ ሥራ የሚሰጠኝ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፣ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ነበረበት፣ የእኔ ሚጡ ድምፅ ነበር የሚያሰሙት ልላት ነበር። ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም አላልኩም። «ፈራሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ጨርቁን አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። ከዚያ፣ «እኔም ብሆን እፈራ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ግን እወጣ ነበር» አለች።

ሚጡዬ፣ ይህን ስትል አልተቆጣችም። የሸሚዝ ልክ እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የነገረችኝ። እኔም ትክክል እንደሆነች አውቃለሁ። በእኔ በር ቢመጡ ኖሮ ጥልፏን እንደያዘች፣ ጫማዋን ሳትጫማ ትወጣ ነበር።

ሻይ አፈላች፤ ጠጣን። መርፌዋን ሁሉ አውጥታ ክር አስገብታ፣ ጨርቅ ላይ ደርድራ ሰካችልኝ። «ለወራት ይበቃሻል» አለችኝ። «ክሩ ሲያልቅስ?» ልላት ፈለግኩ፣ አልደፈርኩም። ወደ መንደሩ ትመለሻለሽ ወይ አልኳት፤ «ወደ የትኛው በር?» አለችኝ። ሰሌዳው አሁንም እንደተሰቀለ ነው። ትናንት ወጥቼ የሰቀሉትን ሰዎች እንዲያነሱት ለመንኳቸው፤ «እማማ፣ አንቺ ምን አገባሽ፣ ሂጂ ልብስሽን ስፊ» ብለው መለሱኝ። ነገም እወጣለሁ። የዘገየሁ ቢሆንም እወጣለሁ።

ስነሳ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። ወደ ባለቁልፉ መቃብር ውሰጂኝ አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና፣ «ዛሬ አይሆንም» አለችኝ። መቼ እንደሚሆን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

አክስትሽ